የሠላሳ አምስት ሰከንድ ሽቦ

መልሱ ከሎጊያ በሁለት መንገድ መጣ። በስልክ የመጣው «ስለላካችሁልን ድምፅ እናመሰግናለን፤ የተሻለ ቅጂ ቢደርሰን ደስ ይለናል» ይላል። በጨው ጫኝ ሹፌር አፍ የመጣው ደግሞ «ይኼ ኑርዬ አይደለም። እንዲህ ያለ እንቶ ፈንቶ ሦስተኛ ከላኩልኝ ቀጠሮ አልጠብቅም» ይላል። ሁለቱም የይማም ቃል ናቸው። ይማም የተናገረው አንዴ ነው። በመሃል ያለው ወንፊቱ ነው።

ሉባባ እንድሪስ ሹፌሩን አመስግና ሸኘችውና ሱቋ በር ላይ ቆማ ቀረች። ኮምቦልቻ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ሞተር የምትጠመጥም፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ናት። ታናሽ ወንድሟ ኑርዬ ከአራት ዓመት በፊት በመስኖ ውኃ ተራ ጠብ ሙሔ የሚባል ጎረቤታቸውን ገድሏል። ሦስት ዓመት ታስሮ ወጣ። በመንግሥት በኩል ነገሩ አልቋል። በሙሔ ወንድም በይማም በኩል ግን አላለቀም። በዚያ አካባቢ ደም የሚያደርቁት አበጋሩ አያ ቡሽራ ናቸው፤ እርሳቸውም የእርቁን ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ረቡዕ አድርገው ቆርጠዋል። እስከዚያች ቀን ይማም መሣሪያ ላያነሳ ምሏል። ከዚያች ቀን ካለፈ መሐላው አይይዘውም።

ይማም ወደ እርቁ ሜዳ ለመምጣት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኑርዬ ያደረገውን በገዛ አፉ ሲናገር መስማት ይፈልጋል። ሳይሰማ ፊቱን ካየው እንደሚገድለው ራሱ ተናግሯል። ቃል አድራሽ አላምንም፤ ቃል አድራሽ ያሳምራል አለ። «ድምፁን አምጡልኝ።»

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ድምፅ ከማምጣት የቀለለ ነገር የለም፤ የከበደም የለም። ስልኩ፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ የፍርድ ቤቱ መቅረጫ፣ የደነቆሩ ሽማግሌዎች ጆሯቸው ውስጥ የሚያስገቡት ፍሬ ሳይቀር ወንፊት አለበት። መሥሪያ ቤቱ «የንግግር ጥራት አገልግሎት» ይለዋል። ሲጀመር የሚያጣራው ስድብ ብቻ ነበር። አገር የሚተላለቀው በስልክ በሚወረወር ስድብ ነው ተባለ፤ ማን ይቃወማል? አደባባይ ወጥቶ ስድቤን መልሱልኝ የሚል ማን አለ? ቀጥሎ ጩኸት ወጣ። ቀጥሎ ሳል፣ መንተባተብ፣ ማመንታት፣ ልቅሶ ወጣ። ከዚያ «አስደንጋጭ ቃላት» ወጡ። ሃያ ዓመት አልፎ እነሆ በአገሩ ማንም ማንንም አይገድልም፤ ሕይወት ያልፋል። ማንም አይሰርቅም፤ ንብረት ቦታ ይቀይራል። ልጁ የሞተበት አባት ለወንድሙ ደውሎ ሲጮህ፣ በዚያኛው ጫፍ የሚሰማው ስለ ዝናብ የሚያወራ የሚመስል ጨዋ ሰው ነው። የሚያንገበግበው ግን ወንፊቱ አይደለም። የሚያንገበግበው ሰዉ መልመዱ ነው፤ መልመድ ብቻም አይደለም፣ ተመችቶታል። ቢላዋው አልቀረም፣ ጥይቱ አልቀረም። የቀረው ስማቸው ነው።

ለይማም የተላከው የመጀመሪያ ቅጂ ከፍርድ ቤት የተወሰደ ነበር። ኑርዬ የዜና አንባቢ በሚመስል ጥርት ያለ ድምፅ «በውኃ ተራ አለመግባባት ሳቢያ የአቶ ሙሔ ሕይወት ማለፉ ያሳዝነኛል» ይላል። ሁለተኛውን ሉባባ በስልኳ ቀዳችው። ኑርዬ ያን ዕለት ከፊቷ ተቀምጦ እየተንሰቀሰቀ ምን እንዳለ በደንብ ባይሰማትም፣ ማልቀሱን በዓይኗ አይታለች። ስልኩ ሲያሰማት ልቅሶ የለም፤ በልቅሶው ቦታ ሁለት ቆንጆ ዓረፍተ ነገሮች ተተክተዋል። አንደኛው ስለ ሰላም ጥቅም ነበር።

እንግዲህ ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

ሐሳቡን ያመጣላት ካቻቢቴዋ ነው። የሞተር ጠምጣሪ ካቻቢቴ ሁሉ ውሎ አድሮ ማግኔት ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ ሞተሩ በርዶ እንኳ ትንንሹን ቡሎን አንጠልጥሎ ይነሳል። ሙያውን ያስተማሯት ጋሽ ታጠቅ በዚህ ይቀልዱ ነበር። «ብረት ቂመኛ ነው» ይሏት ነበር፤ «ኤሌክትሪክ ያደረገበትን አይረሳም።» ሉባባ ቡሎኑን ከካቻቢቴው ጫፍ አንስታ መልሳ አስጠጋችው። ተለጠፈ። ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ቢቻል፣ ኤሌክትሪኩም ብረት ላይ ቢቀር፣ ብረቱም የቀረበትን መልሶ ቢናገር፣ በመሃል ወንፊት የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

ስልኳን ብትጠይቀው «ለድምፅ ቀረጻ ምቹ አማራጮች አሉን» አላት። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ከማይኩ ጀመረች፤ የሚጀመረውም ከዚያ ነው። ከቆራሌው የተጣለ የባትሪ ድንጋይ ገዝታ ሰነጠቀችና በመሃሉ ያለውን የከሰል ዘንግ አወጣች። ዘንጉን ጤፍ እስኪያህል አደቀቀችው፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረችው፣ አፉን ከጣሳ በተቆረጠ ስስ ሉህ ከደነችው። ሰው ሲናገርበት ሉሁ ይንቀጠቀጣል፣ ከሰሉ ይጨመቃል ይላላል፣ የባትሪው ኤሌክትሪክም አብሮ ይጨምራል ይቀንሳል። ሽቦው የተገኘው ከራሷ ዕቃ ነው። ፓምፕ ወደ ጉድጓድ የሚወርድበትን የብረት ገመድ ፈትታ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን ክሮች ለያየች፣ ጫፍ ለጫፍ በይዳ፣ በውኃ ቱቦ ቁራጭ ላይ መቶ ዙር አጠጋግታ ጠመጠመችው። በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ድምፁን የሚያሳርፈውና መልሶ የሚያነበው ትንሽ ጥቅል ከሁሉ ቀለላት፤ መዳብ መጠምጠም የዕለት እንጀራዋ ነው። ለማዳመጫ ደግሞ ቆራሌው ከአሮጌ የቤት ስልክ የተነቀለ መስሚያ አመጣላት። ሲሰጣት በሳቅ «እመት ሉባባ፣ ለአያትሽ ልትደውዪ ነው?» አላት። ከቱቦው ዙሪያና ከሚያዞረው ሞተር ፍጥነት ስታሰላው ሽቦው የሚይዘው ሠላሳ አምስት ሰከንድ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በከንቱ አለቀ። ከሰሉ እርጥበት ስቦ ተጋገረ፤ በመጥበሻ አምሳ መለሰችው። ሽቦው በአንድ ቀን ዝናብ ዛገ፤ ፈትታ በዘይት ወልውላ እንደገና ጠመጠመችው። በሁለተኛው ሳምንት መስሚያው ውስጥ አንድ ነገር ተሰማ፤ የንብ መንጋ የሚመስል የሞተሩ ጩኸት ብቻ። ሞተሩን አርቃ ቱቦውን ከሩቅ የሚያዞርበት ረጅም ቺንጋ አበጀችለት። በየዕለቱ ደንበኞች ፓምፓቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ፣ አላለቀም ትላለች፣ ይሄዳሉ። በየዕለቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን ትቆጥራለች። ኑርዬ በአልቡኮ ተራራ ከዘመድ ቤት ተሸሽጎ ነበር፤ በስልክ ደህና ነህ ወይ ስትለው ሁልጊዜ ደህና ነው። ሞቶ ቢሆን እንኳ ስልኩ ደህና ነው ይላት እንደሁ አታውቅም።

አሥራ አራተኛው ቀን ላይ ተቆጣጣሪው መጣ። ደርበው ይባላል፤ ከጥራት አገልግሎቱ ቅርንጫፍ ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ትንሽ መቅረጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ያልተመዘገበ መስሚያ ተሽጧል የሚል መረጃ እንደደረሳቸው በትሕትና ነገራት። ያልተጣራ ድምፅ መያዝ በአምስት ዓመት እንደሚያስቀጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቱቦ፣ ሽቦውን፣ የጫማ ቀለሙን ቆርቆሮ አንድ በአንድ አየ። ምንድነው ብሎ ጠየቃት።

ሉባባ ሌሊቱን አልተኛችም፣ ሽቦው በዚያን ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ተበጥሶባታል፣ የቀራት ሰባት ቀን ነው። ንዴቷ ከአንደበቷ ቀደማት። «ሳይጣራ የሚቀዳ መሣሪያ ነው የምሠራው» አለችው። «የወንድሜን ነፍስ ላተርፍበት ነው። አንተና መሥሪያ ቤትህ የሰው አፍ ውስጥ እጃችሁን ከታችሁ ቃል የምትለቅሙ ሌቦች ናችሁ። ሂድና ለአለቃህ ንገር።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ደርበው ግን ለመዝገቡ ያህል መቅረጫውን አንስቶ የተባለውን መልሶ አሰማ። ከመቅረጫው የሉባባ ድምፅ ለስለስ ብሎ «የፓምፕ መፈተሻ ነው፤ ስለጉብኝታችሁ እናመሰግናለን» አለ። ደርበው መቅረጫውን አየ፤ እሷን አየ። ሕጉ የሚያየው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ ደግሞ አመስግኗል። ፊቱ ላይ ለቅጽበት ሳቅ የሚመስል ነገር ያለፈ መሰላት። «እንግዲያው ፓምፑ በርታ ይበል» ብሎ ሄደ። ሌላ ሰው እስኪልክ ድረስ ስንት ቀን እንዳላት አልነገራትም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ድምፅ ያዘች። በቆርቆሮው ላይ ጎንበስ ብላ ቁጥር ቆጠረች፣ ሳለች፣ በሩ ላይ የቆመችውን ዶሮ ሰደበች። ሞተሩን መልሳ አስነሳችና መስሚያውን ጆሮዋ ላይ ያዘች። ከሩቅ፣ ከአሸዋ ውስጥ የሚመጣ በሚመስል ሻካራ ድምፅ አንዲት የተቆጣች አሮጊት ዶሮ ስትሰድብ ሰማች። ማን ገባ ብላ ዞረች። ማንም የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የራሷን ድምፅ ከስልክ ስትሰማ የኖረችው ሴት ወጣትና ጨዋ ነበረች። ይህችኛዋ ጥርሶቿ የሳሱ፣ የተናደደች፣ እውነተኛ ሴት ናት። ሉባባ ሦስት ጊዜ ሰማቻት። ከዚያ ተነስታ ሁለተኛ ቱቦ መጠምጠም ጀመረች፤ ሽቦ ይበጠሳልና መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

እሑድ ከቀትር በኋላ ኑርዬ ጋቢ ተከናንቦ በጓሮ በኩል ገባ። አያ ቡሽራ ቀድመው ደርሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል፤ ድምፁ ሲያልቅ ለሉባባ የሚሰጧትና ወደ ይማም የምትወስደው ነው። ይማም ሣሩን ከተቀበለ ይታረቃል፤ ከመለሰ አይታረቅም። ከሁለቱ ቅጂዎች ጋር የተላኩለትን ሣሮች መልሷል።

ኑርዬ ቱቦውን ዞሮ አየው። «እታለም፣ ይኼ ነገር ውኃ ይስባል?» አላት። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሲፈራ እንደሚቀልድ ታውቃለች። ወደ ቆርቆሮው ቀርቦ እንዲናገር፣ ሠላሳ አምስት ሰከንድ ብቻ እንዳለው ነገረችው። ሞተሩን አስነሳች።

ኑርዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በዕለቱ በተፈጠረው አለመግባባት ሳቢያ የአቶ ሙሔ ሕይወት…»

ሞተሩን አጠፋችው። ወንፊት የሌለበት መሣሪያ ሠርታለች፤ ወንፊቱ ግን ከፊቷ ተቀምጧል። አገልግሎቱ ሲጀመር ኑርዬ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የራሱን ድምፅ በሰማ ቁጥር የሰማው ሲታረም ነው። አሁን የሚያርመው መሣሪያ አያስፈልገውም።

«ይኼ አንተ አይደለህም» አለችው። የተናገረችው የይማምን ቃል መሆኑ ቆይቶ ነው የታወቃት።

ደግመው ሞከሩ። «ሙሔ በእኔ ምክንያት አረፈ» አለ። አጠፋችው። አላረፈም፤ ሰው የሚያርፈው ሲደክመው ነው ብላ ጮኸችበት። ቃሉን ራሷ አለችለት፤ ሦስት ጊዜ አለችለት፤ እሱ ግን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አቃተው። አፌ አይይዝልኝም አላት፤ ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ቀጠሮው ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ሰውየው ነፍሱን የምታተርፍለትን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው።

አያ ቡሽራ አግዳሚው ላይ ሆነው ወደ እሱ ዞሩ። «ልጄ፣ ቃሉን ተወው» አሉት ቀስ ብለው። «የሙሔን ፊት አስበው። ያን ጊዜ ሲያይህ ምን ይመስል እንደነበር አስብና ያየኸውን ተናገር።»

ኑርዬ ቀና አለ። «ፊቱን አላየሁትም» አለ።

የሉባባ እጅ ከማብሪያው ላይ ነበር። ለምን እንደተጫነችው አታውቅም፤ የሠራተኛ እጅ ነው፣ ራሱ ያውቃል። ቱቦው መዞር ጀመረ።

«እኔ ኑርዬ እንድሪስ ነኝ» አለ ኑርዬ። «ሙሔን እኔ ገደልኩት። አልተጣላንም። ቃል አልተለዋወጥንም። ጎንበስ ብሎ የውኃውን መዝጊያ ሲከፍት ከኋላው መጣሁ፤ አላየኝም። ማጅራቱን በዶማ መታሁት። ወደቀ። ወድቆም ደገምኩት። ከዚያ ውኃውን ወደ እርሻዬ መለስኩና ሄድኩ። ፊት ለፊት ተያይዘን ነበር ያልኩት ውሸት ነው።»

ሽቦው አለቀ። የቺንጋው ጫፍ ጠረጴዛውን ይመታል። ሉባባ አራት ዓመት ለገበያው፣ ለዘመዱ፣ ለራሷም ስትናገር የኖረችው ሌላ ነበር፤ ሁለት ሰዎች በውኃ ተጣሉ፣ ተያያዙ፣ አንዱ ክፉ ቀን ገጠመው። ማን እንደነገራት ለማስታወስ ሞከረች። ፍርድ ቤቱ ነው። ስልኩ ነው። ማንም አይደለም።

አያ ቡሽራ ተነሱ። «በእኛ ወግ» አሉ፣ «ከፊት የመታ ይታረቃል። ከኋላ ለመታ ግን ሣር አይላክም።» ሣሩን ለሉባባ አልሰጧትም፤ ይዘውትም አልሄዱም። ጠረጴዛው ላይ ከሽቦው ቁርጥራጭ አጠገብ አኖሩት። በሩ ላይ ደርሰው ዞር ብለው፣ ይማም ካልጠየቃቸው እንደማይናገሩ፣ ከጠየቃቸው ግን እንደማይዋሹ ተናግረው ወጡ።

ሁለቱ እህትና ወንድም ቀሩ። ኑርዬ ሁለተኛውን ቱቦ አየና ልሳኑ ተፈታ። አሁን ቃሉ እንደማያቅተው፣ ገደልኩት እንደሚል፣ ስሙን እንደሚጠራ፣ ዶማውንም እንደሚናገር ነገራት። «ከኋላው የሚለውን ብቻ እንተወው፣ እታለም። አንዲት ቃል ናት።»

ሉባባ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣው አልመጣም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትራገም የነበረችው ይህንኑ ነው፤ ወንፊቱም ሲጀምር የጠየቀው አንዲት ቃል ነበር። ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ልጅ ሳለ ያዘለችበት ጀርባዋ ሌላ ነገር ያውቃል። ሁለተኛውን ቱቦ ገጠመችለት። ኑርዬ ሳያቅማማ ተናገረ፤ «ፊት ለፊት ተያያዝን፣ በዶማ መታሁት፣ ገደልኩት» አለ፤ አልቅሷልም፤ ልቅሶውም የእውነት ነበር። በሠላሳ ሰከንድ ጨረሰ። እውነተኛውን ቱቦ በቀይ ጨርቅ፣ ሌላውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለቻቸው። እስከ ማክሰኞ ማታ ካልተመለስኩ ሰው የማያውቅህ አገር ግባ አለችው። ተራራው ላይ ጠመንጃ ይዞ እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ሄደች። ሣጥኑን ጉልበቷ ላይ ይዛለች፤ ሣሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከላይ ነው። በአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ አንዲት ሴት ስለ መንገዱ ውበት ታወራለች፤ ተጋጭተው የተገለበጡ ሁለት መኪኖች ሲያልፉ «ሁለት ተሽከርካሪዎች ዕረፍት ላይ ናቸው» አለች። ተሳፋሪው አንዱ እንኳ ቀና አላለም። ባቲ ላይ ፈታሹ ሣጥኑን አስከፈታት፤ የፓምፕ ዕቃ ነው አለችው፤ ጨርቁን እንኳ ሳይነካ አሳለፋት። ከሚሌ በኋላ ሙቀቱ ሲያይል ሣሩ ጠወለገ። እርሷም እስከዚያ ወስናለች። ነጩን ነው የምታሰማው። ወንድሟ ነው። ሰው ለወንድሙ ይህን ያህል ካልዋሸ ለማን ይዋሻል? የሙሔን ነፍስ እውነቱ አይመልሳትም፤ የኑርዬን ግን ሊወስዳት ይችላል።

ይማም ሎጊያ ውስጥ የጭነት መኪና ጋራዥ አለው። ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በናፍጣ ታጠበ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰላም አላላትም። «የኑርዬ እህት» አላት፤ «ሣሩን ከማየቴ በፊት ድምፁን።» ሉባባ ሣጥኑን በተገለበጠ በርሜል ላይ ከፈተች። ነጩን ጨርቅ ፈታች፣ ቱቦውን ገጠመች፣ ሽቦውን ከባትሪው ጋር አያያዘች። ይማም መካኒክ ነውና መሣሪያው ሳበው። ወንፊቱ የት እንደሚገኝ ጠየቃት፤ የለውም አለችው። ማመን አቅቶት ቺንጋውን፣ ጥቅሉን፣ ቆርቆሮውን በቅርብ ለማየት ጎንበስ አለ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ከበርሜሉ ላይ ጎንበስ አለ።

ማጅራቱ ከፊቷ ነበር። ከፀሐይ የጠቆረ፣ በላብ የረጠበ፣ አንገቱ ላይ አጭር ጠባሳ ያለበት የሰው ማጅራት። የገዳይ እህት ከኋላው ቆማለች፤ ከጎኗ የብረት መፍቻ ተቀምጧል፤ ሰውየው አላሰበውም። ሙሔም አላሰበውም ነበር።

«ቆይ» አለችው። «እሱ አይደለም።» ነጩን ቱቦ ነቀለች። ቀዩን ጨርቅ ፈታች።

ይማም መስሚያውን ጆሮው ላይ ይዞ፣ ዓይኑን መሬቱ ላይ ተክሎ ሰማ። ሠላሳ አምስት ሰከንድ ረጅም ነው። ሲያልቅ እንደገና በይ በሚል እጁን አወዛወዘ። እንደገና ሰማ። ሦስተኛ አላስደገማትም። መስሚያውን በርሜሉ ላይ አስቀመጠ።

«ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለ። «ፊቱ ላይ አንድ ጭረት አልነበረበትም። ማጅራቱን ነው ያጠብኩት። ሁለት ነው፤ አንዱ ከአንዱ የጠለቀ።»

ሉባባ ሞተሩን አጠፋች።

«አራት ዓመት ፊት ለፊት ፊት ለፊት ሲሉኝ ኖሩ። ዳኛው አለ፣ ዘመዱ አለ፣ ስልኩ አለ። እኔ ብቻ ነኝ ያጠብኩት። አብጃለሁ ብዬ ነበር።» ወደ ነጩ ቱቦ በአገጩ ጠቆመ። «እሱስ?»

«እሱ ወንፊት ነው» አለች ሉባባ። «ከቤት ነው የተሠራው።»

ይማም ሣሩን ጠየቃት። የጠወለገውን ሣር ከጨርቁ አወጣችና፣ አያ ቡሽራ እንዳልሰጧት፣ ጠረጴዛ ላይ ትተውት እንደሄዱ፣ ያነሳችው ራሷ እንደሆነች ነገረችው። ይህን መናገር ለምን እንዳስፈለጋት አላወቀችም፤ ውሸት የቀራት አልመሰላትም። ይማም ሣሩን ከእጇ ተቀበለ። ለሁለት አጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ከኋላ የተመታው የእኔ ወንድም ነው፤ ወጉን የምተው ከሆነ እኔ ነኝ የምተው» አለ። «ረቡዕ እመጣለሁ። በፊት ለፊት እመጣለሁ በይው፤ ባዶ እጄን። እሱም ፊቱን ይዞ ይጠብቀኝ። ጀርባውን ካየሁት ግን አላውቅልህም በይው።»

አደረች፤ ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች። ኑርዬ ተራራው ላይ መንገዱን እያየ ይጠብቃል፤ ከመሸ ይሄዳል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ይማም ያለውን ቃል በቃል ለስልኩ ተናገረች። ከመላኩ በፊት ስልኩ በዚያኛው ጫፍ የሚሰማውን አሰማት። «አቶ ይማም በዝግጅቱ ላይ ለመገኘት ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸዋል።» ሉባባ ደግማ ሰማችው። ይማም ጥይት ቆጥሮ ቢነሳም ስልኩ የሚለው ይህንኑ ነው። ኑርዬም ይህን ያውቃል።

ስልኩን አጥፍታ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ቃሉን በከንፈሯ ትደግመው ጀመር። በፊት ለፊት እመጣለሁ፣ ባዶ እጄን፣ ፊቱን ይዞ ይጠብቀኝ። ድምፅ ማጉያው ስለ መንገዱ ውበት ያወራል። ሚሌ ላይ በትክክል አለችው። አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ሁለት ሰዓት ቆመ፤ በትክክል አለችው። ባቲ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ ሉባባ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጊዜ ደገመችው፤ «ይማም በዝግጅቱ ላይ…» አለች።

ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ከመጀመሪያው ጀመረች።